አንቀጽ አራት

በሞንተራሞ ማዘጋጃ ቤት፣ በሲሲሊ ኮረብታ አናት፣
በሩ ላይ ደንብ ተለጥፏል፣ ፀሐይ ቀለሙን የጠጣችበት፦
«መኪና ማጠብ ክልክል ነው። አትክልት ማጠጣት ክልክል።
ውሃ በአምስት ቀን አንድ ጊዜ፣ ለየሰፈሩ በእኩል።»
ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ቧንቧ የምቆልፈውም፤
የቅጣት ደብተር ከጎኔ፣ ሌሊት እንኳ አይለየኝም።

ትናንት ማታ ዶና ክሮቺፊሳን፣ ከሎሚዋ ሥር ያዝኳት፣
ድፍርስ ውሃ ከሳፋ፣ ቀስ ብላ ስታጠጣት።
«አንቀጽ አራት» አልኳት። «አዎ፣ ማንበብስ አነበብኩ፤
ባቄላዬን ዘፈዘፍኩበት፣ ከዚያ እግሬን ታጠብኩ፣
ከዚያ ደረጃውን። አሁን የእሷ ተራ ነው» ብላ፣
ሳፋውን ገለበጠችው፣ ምንም ሳታስቀር አተላ።
«ምክንያትሽ ውሃ አያነሳም» ልላት ነበር፤ ተውኩት፤
አራት ጊዜ ውሃ ሲያነሳ፣ ከራሷ አፍ ሰማሁት።

ስመለስ አደባባዩ ጭር ብሏል። ከድንጋዩ በታች፣
የእኛው ዋና ቧንቧ ይንፎለፎላል፤ ድመት ትልሳለች
ከስንጥቁ። አምስት ዓመት አመለከትኩ፤
ማመልከቻዬ የውሃ ሽታ ሆነ።
ደብተሬን ከፈትኩ።
ስም፦ ማዘጋጃ ቤት።
ጥፋት፦ በሌሊት ድንጋይ ማጠጣት።
የቅጣት መጠን፦

ብዕሬ እዚህ ጋ ቆመ።
ድመቷ አልቆመችም።