ተራ ቁጥር መቶ አሥራ አራት

ከአዳማ ወደ ታች፣ በቦፋ መንገድ ማዶ፣
መጋዘኑ በር ላይ ሰው ቆሟል ማልዶ።
እኔ መዝጋቢ ነኝ። የማኅበሩ ሠራተኛ።
ማኅተም፣ የጣት ቀለም፣ መዝገብ አንደኛና ሁለተኛ፣
አንድ ወንበርም አለኝ፤ ሌላው ስለተሰበረ
ባለጉዳይ ሁሉ ቆሞ ነው የኖረ።

ሐምሌ አሥራ አንድ ነው። ማዳበሪያው የገባው
ትናንት ከመሸ ነው፤ ጭቃ ነበር ተሳቢውን ቀኑን ሙሉ ያንገላታው።
"ዘገየ እንጂ ደርሷል" ይላሉ ሊቀመንበሩ፤
እውነት ነው። በቆሎውም ደርሷል፣ እስከ ጉልበት፣ ቢጫ ሆኖ ዳሩ።

የድጎማው ደብዳቤ ሦስት ገጽ ነው፣ ሦስት ማኅተም፤
"የዋጋውን ሲሶ መንግሥት ይሸፍናል" ይላል፣
ሲሶው ከየት እንደሚቆጠር ግን የሚያውቅ የለም።
ከተራራው ጫፍ የነፋስ ማማዎቹ ይዞራሉ ዝም ብለው፤
ነፋስ እንኳ በዚህ አገር ተቆጥሮ ነው የሚያልፈው።

ስም እጠራለሁ።
"ገመቹ ሂርጳ።" አቤት። አውራ ጣት። ቀለም። ሁለት ከረጢት።
"ሮባ ጂሎ።" አቤት። አውራ ጣት። ሁለት ከረጢት።
"ሻሼ ቡልቶ።" አንድ ከረጢት፤ መሬቷ ግማሽ ጥማድ ናት።
"ግማሽ ጥማድ ማለት አንድ በሬ ነው፤ እሱም የለኝ" ብላ ሳቀች፣
ሳቅንላት።

"መቶ አሥራ አራት። ዋቅጅራ ኡርጌሳ።"
ዝም።
"ዋቅጅራ ኡርጌሳ!"

አንዲት ሴት ከሰልፉ ወጣች፣
በሻሿ ጫፍ የቋጠረችውን ስልክ ፈታች፤
ቁልፉ ያለቀ፣ ወገቡ በላስቲክ የታሰረ ስልክ።
"ይኸውና" አለች፣ "ከእናንተው የተላከ መልእክት።"
*ውድ አርሶ አደር ዋቅጅራ፣ ድጎማዎ ጸድቋል፤ በአካል ይቅረቡ።*

ዐወቅኳት። ጃለኔ ናት።
ባሏን ባለፈው ጥቅምት፣ ከቦሎቄው ራስጌ፣ ከአጥሩ ጥግ ቀብረናል።
አንድ አካፋ አፈር እኔም መልሻለሁ።

መመሪያው ግልጽ ነው፤ ባለመዝገቡ ከሞተ
ወራሽ እስኪጣራ ስሙ ተሠረዘ፣ ሒሳቡ ተከተተ።
ማጣራት ማለት ደግሞ ቀበሌ፣ ወረዳ፣ ፍርድ ቤት፣ እንደገና ቀበሌ፤
ዝናብም አይጠብቅ፣ አይጠብቅም ሐምሌ።

"የት ነው?" አልኳት፣ ሊቀመንበሩ እንዲሰሙ።
ቀና አለች። ሰልፈኞቹ ትንፋሻቸውን ውጠው ቆሙ።
"ማሳው ላይ ነው" አለች።

ሊቀመንበሩ ሰዓታቸውን አዩ።
"ሥራ ላይ ከሆነማ፣ ሚስቱ ትፈርም" አሉ።
ገመቹ ከረጢቱን ትቶ የጫማውን ጭቃ ይፍቅ ጀመር፣
እንደማይሰማ ሰው።

አውራ ጣቷን ያዝኩ። ቀለሙ በስንጥቁ ገብቶ ቀረ፤
ወረቀቱ ላይ ያረፈው አሻራ፣
ታርሶ ያልተከሰከሰ ጓል መሬት ነበረ።
ብሩን ከሻሿ ሌላኛው ጫፍ ፈትታ ቆጠረች፣ ደግማ ቆጠረች።
"ሲሶው ተነስቶ ነው?"
"ተነስቶ ነው።"
"ተነስቶ እንዲህ ከከበደ፣ ሳይነሳ ማን ሊሸከመው ነበር?" አለች፤
መልስም አልጠበቀች።
ሁለቱን ከረጢት ልጇ በጋሪ ይዞላት ሄደ፤
አንደኛው ጥጉ ተቀዷል፣ እስከ አስፋልቱ ነጭ ነጭ ወረደ።

"ምርመራ" በሚለው ዓምድ፣ ከመቶ አሥራ አራት ትይዩ፣
*በማሳው ላይ ይገኛል* ብዬ ጻፍኩ።
ውሸት አይደለም።
ከዚያ መቶ አሥራ አምስትን ጠራሁ፤
"አቤት" የሚል ሰው እስኪገኝ
ትንሽ ጠበቅሁ።