ዓይነ ደረቅ

«ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም» ያለ ሰው፣
የልብ ክኒን ውጦ አያውቅም፤ ጤነኛ ነው።
እኔን ይጠይቀኝ፣ ጠዋት አንድ፣ ማታ ግማሽ የምውጠውን፣
በጥፍሬ ሰንጥቄ፣ ከሹራቤ ላይ ለቅሜ ፍርፋሪውን።

ዶክተር ፉርላን አለኝ፣ ወረቀቱን እያየ፦
«ልብሽ ይሮጥ ነበር፤ ይኸው አሁን ዘገየ።
ስልሳ ሁለት ምት ነው፤ ከዚህ ወዲያ ምን ይሻላል?»
ዓይኔስ? አልኩት።
«እሱ እንኳ አልፎ አልፎ ያጋጥማል።»
ታዲያ ልተወው? «አይሞከርም» አለ፤ ብዕሩን አኖረ፤
ልቤ ከዓይኔ ተበድሮ፣ ያለ ምስክር ውል ታሠረ።

ያጋጥማል ያለው አሸዋ ነው።
ሌሊት ስባንን ቆቡ ከብሌኑ ተጣብቆ፣
እንደ ታሸገ ፖስታ የሚከፈት ተላቅቆ።
የመርፌዋ ቀዳዳ ሁለት ሆና፣ ክሩ ሦስት፣
አንድ ሱሪ ለማሳጠር የምፈጅ ሙሉ ሰዓት።
የትሪዬስቴ ባሕር ከነጨው መስኮቴ ሥር ተኝቶ፣
ዓይኔ ግን እንደ ነጠፈች ላም ደርቆ ቀርቶ።
ቀይ ሽንኩርት ከተፍኩ ሁለት ኪሎ፤ ዓይኔ ምን ሊል፣
ጣቴ ብቻ ሸተተ፤ ወጥ ወጣው ለሳምንት የሚውል።

ፋርማሲስቷ ትንሽ ጠርሙስ በከረጢት ሰጠችኝ፣
«ሰው ሠራሽ እንባ ነው» ብላ አስረዳችኝ።
አሥራ አራት ዩሮ ከሃምሳ፤ ከፈልኩ ሳልከራከር።
እናቴ በነጻ ነበር የምታፈሰው፣ ለጎረቤት፣ ለሀገር።

ጠብታ ግን እጅ ይፈልጋል፤ እጄ ደግሞ ይንቀጠቀጣል፤
አንዱ ጉንጬ ላይ፣ አንዱ ጆሮዬ ውስጥ ይቀራል።
ከላይ ፎቅ ያለችው ኒቬስ፣ የባቡር ጣቢያ ጡረተኛ፣
ስራገም ሰምታ ወረደች፣ የሌሊት ሰዓት ጓደኛ።
«ተንጋለይ» አለች። ጣሪያውን አየሁ። የታችኛውን ቆብ ሳበች።
«ኡኖ። ዱዌ። አትጨፍኚ!» ባቡር የምትሸኝ ይመስል ጮኸች።
ከዚያ ወዲህ አራት ክረምት፣ ማታ ማታ በሦስት ሰዓት፣
ሳታንኳኳ ትገባለች፣ እንባዬን ይዛ እንደ ወተት።

ሌላውንም እሷ ነገረችኝ፦ ከማሞቂያው ራቂ፣
ፎጣ በሙቅ ውኃ ነክረሽ ዓይንሽ ላይ ጣይና ሳቂ፤
«በየአሥር ስፌቱ ጥቀሺ።» ማንን? አልኳት። «ሱሪውን፤
ባለቤቱ አይሆንሽም፣ አይቼዋለሁ ሆዱን።»

በየካቲት ሞተች። ቦራ የሚሉት ነፋስ ሦስት ቀን ሲያገሳ፣
የቆሻሻ ገንዳ አጋድሞ፣ ሞተር ብስክሌት እያነሳ።
መቃብሩ ጫፍ ላይ ሁሉን አስለቀሰ፤ ቄሱን፣ ቆፋሪውን፣
ከኡዲኔ የመጣ ልጇን፣ በዓመት አንዴ ደዋዩን።
እኔን ብቻ አደረቀኝ።
እዚያው ቆሜ የልጅነት ስሜ ታወሰኝ፤
«ዓይነ ደረቅ!» እያለች ነበር እናቴ የምትሰድበኝ።

ልጅየው ዞር ብሎ አየኝ። ጠርሙሷ ኪሴ ውስጥ አለች፤
ማንም ሳያይ ሁለት ጠብታ፣ ጉንጭ ታርሳለች።
ክዳኗን በአውራ ጣቴ ከፈትኩ። ዘጋሁ። ከፈትኩ። ዘጋሁ።
በገዛሁት እንባ እሷን መሸኘት አልደፈርኩም፤ ሰጋሁ።
ወይስ ቁጠባ ነበር? አሥራ አራት ከሃምሳ ነው።
እንጃ፤ ቀብር ላይ ስንቱን ያስባል ሰው።
ልቤን ግን ሰማሁት። ክኒኑ ይዞት፣ በስልሳ ሁለት፣
እንደ ሬሳ ተሸካሚ ረገጠ፤ አንድ ምት፣ ከዚያ አንድ ምት።

ማታ ሦስት ሰዓት ሆነ። በሬን አየሁ። አልቆለፍኩትም።
ተንጋለልኩ። የመጀመሪያው አፌ ገባ፤ ጨው የለውም።
ሁለተኛው ጆሮዬን አራሰው፤
ከላይ ቤት የኒቬስ ሰዓት ይቆጥራል፤ ማንም አላቆመው።
ቆቡን ሳብኩ። ጮክ ብዬ፣ በእሷ ድምፅ፣ ሳልሸማቀቅ፣
«ኡኖ። ዱዌ።» አልኩ። «አትጨፍኚ፣ አንቺ ዓይነ ደረቅ!»