በባዶ እጅ

ማታ ማታ ነው የሚመጣ፤ ጠዋት የለም ጨርሶ፤
አንሶላዬን እንደ ክረምት፣ ከራስ እስከ እግር አርሶ፣
ወገቤን እንደ ልብስ ጨምቆ፣ ጉልበቴን ፈትቶ ያድራል፤
ሲነጋ፣ እንደማያውቀኝ ሰው፣ ዝም ብሎኝ ይሄዳል።
ሦስት ሳምንት።

ቤርሼባ ሆስፒታል፣ ይፋት ወረቀቷን ዘረጋች፤
ደሜ ስሙን ተናግሯል፤ «የማልታ ንዳድ ነው» አለች።
«አቶ ቢያድግልኝ፣ ያልፈላ ወተት ጠጥተዋል?»
አልጠጣሁም።
«ከመንገድ ዳር፣ በላስቲክ የታሰረ የበግ አይብ ገዝተዋል?»
አይብ ከሱቅ ነው፣ ማኅተሙን አይቼ፣ ቀኑን ቆጥሬ በጣቴ።
«ጥሬ ሥጋስ?»
በጨው ታሽቶ ደሙ ካልወጣ፣ ሥጋ አይገባም ከቤቴ።
«ከብት ያረባሉ? ያርዳሉ?»
እኔ ዘበኛ ነኝ፤ የምጠብቃትም ፀሐይ ናት፤
ከራሃት ማዶ፣ ሽቦ ውስጥ፣ መስታወት የተነጠፈላት።
ሌሊቱን እኔ አለሁ፣ እሷ የለች፤ ስትመጣ እኔ እሄዳለሁ።
ሳቀች። የ«አይደለም» ጭረቷ ሲበዛ፣ በልቤ እቆጥራለሁ።

«ጓንት ሳያጠልቁ፣ በባዶ እጅ፣ በግ አዋልደዋል?
የጨነገፈ ግልገል፣ እንግዴ ልጅ ነክተዋል?»

ዝም አልኩ።

በጥር ነው፤ ዝናብ። ከሽቦው ማዶ ሰላማ በፉጨት ተጣራ፤
ስልኩን ጭቃ ላይ አቁሟል፣ ለምታምጥ በግ እንዲያበራ።
የእሱም የእኔም ባልሆነ ቋንቋ «ያዝልኝ» አለኝ፤ ያዝኩለት።
አውራ ጣቴን ሽቦ ጭሮት ነበር፤ ማን ያስበው ያን ሰዓት።
ግልገሉ ወጣ፣ እንደ እርጥብ ጓንት፤ ትንፋሽ የለው።
«በዚህ ወር አራተኛው ነው» አለና ቆፍሮ ቀበረው።
ከጀሪካን ውሃ አፈሰሰልኝ፤ ሳሙና አልነበረም።
«ሐኪሞቹ ካወቁ መንጋዬን ይጨርሱታል። አትናገርም?»
«አልናገርም።»

ይፋት እስክሪብቶዋን አንስታ አፌን ትጠብቃለች።
በኮሪደሩ፣ በተሽከርካሪ ወንበር፣ አንዲት ልጅ አለፈች፤
የሰላማ ጁማና! የዘጠኝ ዓመት ልጅ፤ በጎቹን የምታልብ እሷ፤
ዳሌዋን በእጇ ደግፋለች፤ በላብ ርሷል ራሷ።
አይታኝ እጇን አነሳችልኝ፣ ሁሌ እንደምታደርገው ከማዶ፤
የእኔ እጅ ግን ጠረጴዛው ሥር፣ ድንጋይ ነው፣ በረዶ።

ቃሌን ስንት ሌሊት ከላቤ ጋር ጠቀለልኩት፤
አሁን ጣቴን፣ ከነጠባሳው፣ ወረቀቷ ላይ ዘረጋሁት።
«በዚህ» አልኳት። «በባዶ እጄ።»

ክኒኑ አርባ ሁለት ቀን ነው፤ ሆድ ይበጠብጣል።
የሰላማ በረት ባዶ ነው፤ ነፋስ በሩን ይመታል።
ከሽቦው ማዶ ሲያልፍ ሰላምታዬን አይመልስም፤
እኔም ስለ ልጁ ወተት፣ ለምን አላፈላህም ብዬ አልወቅስም።

ትናንት ሊነጋ ሲል፣ ጁማና በክራንች እስከ አጥሩ መጣች፤
«ሌሊቱን ሁሉ ምን ትጠብቃለህ?» ብላ ጠየቀች።
አገጬን ወደ ምሥራቅ ቀሰርኩላት።
ገና አልወጣችም።