ፀሐይ ማስለመድ

ትሪዎቹ ሦስት ናቸው፤ ከተዘጋ ዳቦ ቤት
ልኬለሽ በሃምሳ ሃምሳ ብር ያመጣቻቸው፣
ጠርዛቸው ያረረ፣ ውሃ ሲነካቸው
ዛሬም የዳቦ ሽታ የሚመጣባቸው።
አንዱ ላይ ቲማቲም፣ አንዱ ላይ ቃሪያ፤
በሦስተኛው ላይ ግን ስም የጻፍንበትን
ፕላስተር ውሃ በላው።
እኔ ጎመን እላለሁ፣ እሷ ትላለች ሰላጣ፤
ማን ይፈርዳል፣ ከዚህች ሁለት ቅጠል ምን እንደሚወጣ?

የወንጂው ጉተማ በአጥሩ አሻግሮ
ሕጉን ነገረን በጣቱ ቆጥሮ፦
«በመስኮት ያደገ እግሩ ቀጭን ነው፤
የአዳማ ፀሐይ ደግሞ ምድጃ ነው።
መጀመሪያ ቀን ለአንድ ሰዓት፣ ያውም በጥላ፣
በማግስቱ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት እያላችሁ፤
ነፋስ ግን አትከልክሏቸው፣
ነፋስ ነው ግንድ የሚሠራላቸው።»

ለእኔም ሕግ ነበረኝ በእጄ ላይ የተጣለ፣
ሐኪም የጻፈልኝ፣ ግራ ጎኔ በጥቅምት
አልታዘዝም ካለ።
ቀይ የጎማ ኳስ ሰጡኝ፣ በቀን መቶ ጊዜ ልጨብጠው፤
አሥር ጨብጬ ሰለቸኝ፣
ለጎረቤት ድመት ጣልኩላት፣ እሷ ታንከባልለው።

ልኬለሽ ምንም አላለች።
ጠዋት የትሪውን ጫፍ አስያዘችኝና
«በዚያ በኩል አንሣ፣ ብቻዬን አልችልም» አለች።
ውሸቷን ነው።
ሃያ አምስት ሊትር ጀሪካን በአንድ እጇ
ከቦኖ እስከ ቤት የምታመጣ ሴት ናት።

አንድ ሰዓት።
ከኒሙ ሥር፣ አሮጌ አጎበር ጥለንባቸው፣
እኔም በርጩማ ላይ፣ አንገቴን ደፍቼ አጠገባቸው።
ነፋሱ ከኮረብታው፣ ከነጫጮቹ ክንፎች ሥር ተነሣ፣
የባጃጁን መንገድ አቋርጦ፣ አቧራውን አግበስብሶ፤
ቲማቲሞቹ ለጥ አሉ።
«ሞቱ» አልኩ።
«እየተማሩ ነው» አለች፣ ስልኳን እንደያዘች።

በአራተኛው ቀን እጄ ከዳኝ፤
ትሪው ዘመመ፣
ስድስት ቃሪያ ከነአፈሩ ደረጃው ላይ ፈሰሰ።
ትሪውን ረገምኩ፣ ደረጃውን ረገምኩ፣
ደረጃውን የሠራውን ግንበኛ ረገምኩ።
እሷ ተንበርክካ አራቱን ለቀመች፣
ሁለቱን ለዶሮ ሰጠች።
«ነገስ?» አልኳት።
«ነገማ ተራው የአምስት ሰዓት ነው።»

ልኬ ነው የምላት ሳቆላምጣት፤
ውሃዋ በልክ፣ ሰዓቷ በልክ፣
ሲመጣባትም በልክ ነው ቁጣዋ፣
እኔ ነኝ እንጂ ልክ የማጣው ከጎኗ።

በዘጠነኛው ቀን ወንጂ ለቅሶ ሄደች።
ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ቡና መሰለ፤
ነፋሱ የጎረቤቱን ቆርቆሮ ነቅሎ
እንደ ጋዜጣ ሲያገላብጠው አየሁ።
ተነሣሁ።
አንዱን ትሪ በደረቴ ደግፌ፣
ሁለተኛውን በክርኔ፣
ሦስተኛውን — ማንም አላየኝም —
በሁለት እጄ፣ እንደ ሰው።

ስትመለስ ትሪዎቹን ቆጠረች።
«ማን አስገባቸው?»
«ነፋሱ» አልኳት።
የግራ እጄን ጥፍሮች አየች፣ ውስጣቸው አፈር ነበር፤
ነጠላዋን ሰቅላ ወጣች፣
ቀዩን ኳስ፣ የድመት ጥርስ ያረፈበትን፣
በባዶው በርጩማ ላይ አስቀመጠችው።

አሁን ሌሊቱንም ደጅ ያድራሉ።
ጉተማ በአጥሩ አይቶ «ወፍረዋል» አለ።
ሦስተኛው ትሪ ቆስጣ ሆነ፤
ሁለታችንም ተሸነፍን።