የደሴው ቅጂ

ከፒያሳ ቁልቁል፣ ከልብስ ሰፊዎቹ ጀርባ፣
በሽልንግ ጨለማ ነበር፣ ማንም ከፍሎ የሚገባ።
ሠላሳ ልጆች ነበርን፣ ባንድ አግዳሚ የተጣበቅን፣
አውሬው ከባሕር እስኪወጣ ትንፋሽ ውጠን የጠበቅን።

ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ሐምሌም ሐምሌ፤
ጃፓኖቹን ዝናብ ሲውጣቸው ይነሣል እንድሪስ ተክሌ።
በዱላ ጫፍ እየጠቆመ፣ የማያውቀውን ቋንቋ ይፈታል፦
«ጄኔራሉ ነው ይኼ፤ ሲነጋ በመድፍ ይመታል።
አውሬው እናቱን ያጣ ነው፤ ጥፋት አትዩበት፣
ቤት ያፈረሰው እኮ መንገዱ ጠቦበት።»

ካሴቱ መጨረሻ የለው፤ አውሬው ድልድይ ሲያነሣ
መስኮቱ ነጭ ይሆናል፣ ጉም እንደዋጠው ጦሳ።
ያኔ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ደከመው» ይለናል፣ «ደከመው፤
ጥይቱ መች ነካው፤ ብቻነት ነው ያመመው።
በአሰብ ወጥቶ፣ በባቲ አድርጎ፣ ኬላውን አልፎ በሌሊት፣
ሐይቅ ገብቶ ተኝቷል፤ አትቀስቅሱት።»

ስንት ዓመት ሐይቅ ሄጄ እግሬን ብቻ ነከርኩ።

አሁን ኮምቦልቻ ነኝ። ከማታ ፈረቃ ስወጣ
የሌሊት ጥቅል ገዝቼ ብፈልገው፣ አውሬው መጣ፤
አንድ ብቻ ግን አልነበረም።

አንዱ ቅጂ ሰባ ደቂቃ፣ ሌላው ዘጠና ሁለት፤
ባንዱ አንድ ፈረንጅ ኋላ ተለጥፎበት
የሌለውን አውሬ እያየ ለእኛ ያስረዳናል ቆሞ፤
ባንዱ ቀለም ተቀብቷል፣ ባንዱ ዜማው ሌላ ነው ደግሞ።
በጣሊያንኛ የሚያጓራ አለ። ባንዱ በእሳት ይሞታል፤
ባንዱ ተራራ ይናድበታል።
ሁሉንም አወረድኩ።
ሐይቅ የሚገባበት የለም።

እሑድ ደሴ ወጣሁ። እንድሪስ፣ መናኸሪያው በር፣
የሰዓት ማሰሪያ ይሸጣል፤ አንድ ዓይኑን ሞራ ሸፍኖት ነበር።
ስልኬን ወደ ደህናው ዓይኑ አስጠግቼ ከፈትኩለት፣
ያኔ ያላየውን ፍጻሜ፣ በሙሉ፣ በጥራት።
እሳት። ጩኸት። ውድቀት። ከዚያ የማላነበው ጽሑፍ።

እንድሪስ አልተደነቀም። ስልኬን በእጅጌው ጠረገ፣
ገልብጦ ጀርባውን አየ፣ አንድ ነገር ፈለገ፦
«ይኼማ» አለኝ፣ «ተቆርጧል።
መጨረሻውን ማን ወሰደው?»