የአፍ ድርሻ

በኦውሉ ከተማ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ የኋላ ክፍል፣
አራት ሰው ተቀምጠን ደቂቃ ስናካፍል፣
ባሕሩ ከመስኮት ማዶ ጠርዝ ጠርዙን እየረጋ፣
ፀሐይ ባሥር ሰዓት ወጥታ፣ በሩን እንኳ ሳትዘጋ፤
እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ፣ እርሳስ ከጆሮዬ ሰክቼ፣
የሁለቱን ቀን ሰሌዳ ከፊታቸው ዘርግቼ።

ሃካቶኑ ሊደርስ ነው፤ ዐሥራ አራት ቡድን ይመጣል።
ሽልማት የለ፣ አንደኛ የለ፣ ሁሉም ለሁሉም ይሠራል፤
ባሕሩ ሲጠና በላዩ መኪና ለሚነዳበት
የሳሳውን በረዶ ቀድሞ የሚያውቅ ነገር ለማበጀት።
ጥያቄው አንዲት ናት፣ ትንሽ ናት፣ ግን አላስቀመጠችንም፤
ከዚያ ሁሉ ሰዓት መካከል የአፍ ድርሻ ስንት ይሁን?

ራውኖ ተነሣ። የማዘጋጃ ቤት ሰው ነው፣ ሸሚዙ የተተኮሰ።
«ላንድ ቡድን ዐሥር ደቂቃ» አለ፣ ሰሌዳውን እየዳሰሰ፤
«ያልተነገረ ሥራ እኮ እንዳልተሠራ ነው፤
ከንቲባዋም ትመጣለች፤ ምን ልናሳያት ነው?»

አውኔ በጣቷ አባዛች፣ ድምፅ ሳታሰማ።
ሠላሳ ዓመት ኮድ ጽፋለች፤ ቃል እንደ ባትሪ ትቆጥባለች።
«ሁለት ሰዓት ከሃያ» አለች፤ «የወንበር፣ የጨለማ፣
የማዛጋት። ስምንተኛው ቡድን ሲነሣ፣
የሰባተኛው ቡድን ቃል ከእንግዳው ልብ ተረሳ።
ሁለት ደቂቃ ይበቃል። የቀረው ለእጅ ይሁን።»

ከዚያ ዝም ተባለ።
እዚህ አገር ዝምታ የሰው ተራ ነው፤
ማንም አያቋርጠውም።
የፕሮጀክተሩ ማራገቢያ ብቻ ባዶውን ግድግዳ ያናፍሳል።

«ያልማሪን ታስታውሳላችሁ?» አለች ሚየሊኪ ቀስ ብላ።
«ያ የብየዳ ተማሪ፤ ሁለት ሌሊት ሳይተኛ፣ ሳይበላ፣
ከሽቦና ከቆርቆሮ ሴንሰሯን የገጣጠማት።
አምስት ደቂቃ ሰጠነው። ይዟት ወጣ፣ ቆመባት፤
ባልዲ ውሃ ውስጥ ነከራት። አንዲት ቀይ መብራት በራች።
‹ይኸው› አለ። ወረደ። ሦስት ደቂቃ ተኩል ተረፈች።
ከሱ ቀጥሎ የወጣው፣ ስላይዱ ሠርግ ቤት የመሰለ፣
ገና ያልጻፈውን ኮድ ‹እንዲህ ይሠራል› እያለ…
አጨበጨብን።
እኔም አጨበጨብኩ።

ሴንሰሯ መሳቢያዬ ውስጥ ናት። ማን ሰምቶ ማን ይቀጥላት?
በመጋቢት ደግሞ ያ ዓሣ አጥማጅ፣ በረዶው ከድቶት፣
እስከ ወገቡ ገባ።
ወጣ፤ ደኅና ነው፤ ወጣ። ግን…»

«ይኸው!» አለ ራውኖ፤ «ዐሥር ደቂቃ ቢኖረው ኖሮ!»
«ዐሥር ደቂቃ ዝም ይል ነበር» አለች አውኔ።
በኔ ጭንቅላት ውስጥ ያ የጥንቱ ጥያቄ ይዞራል፤
አፍ ያለው ያግባሽ፣ ወይስ ከብት ያለው?
መልሱን አውቀዋለሁ፤ አፍ ያለው ይባላል፣ ከብቱን እንዲያመጣው።
ያልማሪ ግን ከብቱን ይዞ መጥቶ ነበር።
ከብቱ መድረክ ላይ ቆሞ ነበር፣ ቀይ ዓይኑን እያበራ፤
እኛ ነን አፉን ስንፈልግ ያላየነው።

«እሱን አይደለም የማወራው» አለች ሚየሊኪ፣ ጉንጯ ቀልቶ፤
«ከመቶ ሰው አንድ እንኳ አልጠየቀም፣ እጁን አውጥቶ።
ተናጋሪው ሦስት ይውሰድ። ከዚያ ጠረጴዛው አይነሣ፤
አንድ ሰዓት ሙሉ እንዙር፤ እንንካ፣ እንጠይቅ፣ እናበላሽ።
ያ ሰዓት የአፍ አይሁን፣ የጆሮ ይሁን።»

ራውኖ «ሰባት» አለ። አውኔ «ሁለት ተኩል»።
እኔ እጽፋለሁ፣ አጠፋለሁ፤ እጽፋለሁ፣ አጠፋለሁ፤
ከላጲሱ ብዛት ወረቀቱ እዚያች ቦታ ላይ ሳሳ፤
ብርሃን አሳለፈ፣ እንደ ሚያዝያ በረዶ፤
ከእንግዲህ ቁጥር የሚሸከም አይመስልም።

ኦስሞ፣ ጥበቃው፣ በሩን ከፈተ፤ ቁልፉን አንቀጫቀጨ።
ኮታችንን እየለበስን ነበር፣ ማንም ማንንም ሳያይ።
እኔም በቃለ ጉባኤው መጨረሻ፣ ቆሜ፣ እንዲህ ጻፍኩ፦
ስለ ንግግር ጊዜ ሦስት ሰዓት ተናገርን።
ቁጥሩ ለሚቀጥለው ማክሰኞ ተላልፏል።
ዐሥራ አራት ባልዲ ይገዛ።