ዜሮውን እይ

ሂርማታ ሳይነጋ፣ ዝናቡ ሲያካፋ፣
የባጃጅ ሰልፋችን ድልድዩን አልፎ ሰፋ።
ሦስት ሰዓት ቆሜ ተራዬ ሲደርስ፣
ቱቦውን ያዝኩት፣ ራሴው ቀድቼ ልመለስ።

ነዚፋ እጄን ቸብ አደረገችው በጨርቅ፤
«ክልክል ነው።»
«እሳት ፈርተሽ? እኔ ሲጋራ አላውቅ።»
ቀዩን ባልዲ በአገጯ እያሳየችኝ፣
«ለእሳቱስ አሸዋ አለን» አለችኝ።
«ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱም፤
ቀጂውም ለኪውም አንተ ከሆንክ፣
ከዜሮ መነሳቱን ማን ያይልሃል?
ደግሞ...» ድምጿ ወረደ፣
«እዚህ ቱቦ ላይ ሦስት ልጅ ተንጠልጥሏል።
በል፣ ዜሮውን እይ።»

አየሁ።
ሁለት ሊትር ሳይሞላ ቱቦው ሳለ፣ ሳለና
ዝም አለ።
ከኋላ ጥሩምባው ቀለጠ።
ነዚፋ ቱቦውን ነቅላ እጄ ላይ አኖረች፤
«እንካ፣ አሁን ራስህ ቅዳ» አለች።